ሳይታይ የታከመ ዓይን፦ ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለአካባቢያችን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አላስገባሁትም። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ቅሬታ ሰሚው ጋ ሄጄ ነበር፤ ስልጠና ላይ ነው ተባልኩ። እርስዎ ጋ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ ትሑት ልጅ ናት፤ ሁሌም «እንደውልልዎታለን» ትለኛለች። የደወለልኝ ግን የለም። እንግዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉኝ በአደባባይ ልናገር።

ነገሩ የድመት ነው። «ለድመት ይህን ያህል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ሠራተኛዎም ብሎኛል።

የምኖረው አዲስ አበባ አልቃ ማሳው ሊጀምር ሲል ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከበረንዳዬ የጤፍ ማሳ ይታየኛል። የጎረቤት ልጆች ከኮሚናሉ ጀርባ፣ በተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ አንዲት የድመት ግልገል አግኝተው አመጡልኝ። እናቷ የለችም። ታስነጥሳለች። ሁለቱም ዓይኖቿ በዓይናር ተጣብቀዋል፤ ዓይናሩ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ሆኗል። ለብ ባለ ውሃና በጥጥ እያራስኩ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ግራው ቀልቷል፣ አብጧል። ቀኙ ላይ ግን ብሌኑ መሃል ነጭ ነጥብ አለ፤ የጤፍ ፍሬ ያህል። ብርሃን ሲያገኛት ያንን ዓይን ጭፍን ታደርገዋለች።

ሐኪም አይደለሁም። ግን በዓለም ትልቁ የትራኮማ ሸክም ያለብን እኛ ነን፤ የዓይን ሕመም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። መንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ልውሰዳት አልኩ። ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ መጣሁ።

በራችሁ ላይ የዜጎች ቻርተር በትልቁ ተሰቅሏል። ጥበቃው «ማዘር፣ ምንድን ነው የያዙት?» አለኝ። ድመት ናት ስለው ሳቀ። ካርድ የሚያወጣው ልጅ ደግሞ ግራ ገባው። ቅጹ ላይ ያለው የቀንድ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ የጋማ ከብት፣ ዶሮ ነው። ድመት የለም። ውሻም የለም። ልጁ ትንሽ አሰበና ፍየል ላይ ምልክት አደረገ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። «ፍየል 1» ይላል፤ ማኅተምም አለበት። እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ሳየው ያስቀኛል።

የቀጠለው ግን አያስቅም። ነጭ ጋውን የለበሰው ሠራተኛዎ ካርቶኑን አልከፈተም። «ምኗን ነው?» አለኝ። ዓይኗን አልኩት። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰዶ ጠብታ አወረደ። «በቀን ሦስቴ፣ ሁለቱም ዓይን ላይ።» በቃ። ባክዎ ይዩልኝ ብዬ ክዳኑን ስከፍት «ማዘር፣ ወረፋ አለ» አለኝ። ከኋላዬ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሬውም ውጭ ታስሮ ሣሩን ይግጣል፤ የቸኮለ አይመስልም ነበር።

ጠብታው አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን የተቀላቀለበት ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም። የዓይን ቅላት ቶሎ ያጠፋል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ብሌኑ ላይ ቁስል ካለ ግን አይሰጥም። ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ ብሌኑም እየሳሳ ሄዶ ሊበሳ ይችላል። ይህን ያስተማሩት እኔን አይደለም፤ እናንተን ነው።

እንደታዘዝኩት አደረግሁ። መጀመሪያ ቅላቱ ቀነሰ፤ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ነጩ ነጥብ ሰፋ። ከዚያ ብሌኑ በሙሉ ደፈረሰ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ የቀኝ ፊቷ ፀጉር በውሃ ርሷል፣ ዓይኗም ሟሽሿል። ልጆቹ ሊያይዋት ሲመጡ በር ላይ መለስኳቸው።

ይዣት ቢሾፍቱ ሄድኩ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ እዚያ ስለሆነ በከተማው ሐኪም አላጣም ብዬ ነው። ያገኘሁት ሐኪም ከምንም በፊት ያደረገው ነገር ቢኖር ማየት ነው። በባትሪ አየ። ከዚያ ጫፉ ብርቱካንማ የሆነ ቀጭን ወረቀት በሳላይን አርሶ የግራ ዓይኗን ቆብ ውስጡን ነካ አደረገው። መብራት አጥፍቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲያየው አንዲት ቀጭን ጭረት አረንጓዴ ሆና በራች። ፍሎረሲን ይባላል። ቁስል ካለ ቀለሙ እዚያ ይይዛል፤ ከሌለ ታጥቦ ይሄዳል። ወደ ውስጥ ገብተን እስክንወጣ ብዙ አልቆየንም። ያ ጭረት ያለው የተረፈው ዓይን ላይ ነበር፤ እሱም ላይ ጠብታችሁን እያደረግሁ ነበር።

ሐኪሙ ይበልጥ የጠረጠረው የድመት ኸርፐስ ቫይረስ ነው። የጎዳና ድመቶችን በብዛት ይይዛል፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። ብሌን ያቆስላል፤ ስቴሮይድ ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ሌላው ክላሚዲያ ነው አለኝ፤ የትራኮማው ባክቴሪያ ዘመድ። ለእሱ ቴትራሳይክሊን ይረዳል። ያው ሁላችንም የምናውቀው የዓይን ቅባት! ቀኙን ዓይን ግን ማውጣት ግድ ሆነ። ቆቡ ተሰፋ። ግራው ጠብታው ሲቆም ዳነ።

ደረሰኙንና የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ሠራተኛዎ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የጎዳና ድመት አይደለች እንዴ፣ መጀመሪያም አትተርፍም ነበር» አለኝ። ሌላው ደግሞ በጀታችን ለከብት ነው አለ። በከብቱ አልከራከርም፤ በሬ የገበሬ እጁና እግሩ ነው። ካርቶን ለመክፈት ግን ምን በጀት ያስፈልጋል? ድመት አናክምም ብላችሁ ብትመልሱኝ ኖሮ ይሄኔ ምናልባት ሁለት ዓይን ይኖራት ነበር። እናንተ ግን ገንዘብ ተቀበላችሁ፣ ማኅተም መታችሁ፣ ፍየል አላችኋት፣ ጠብታ ሰጣችሁ።

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መደርደሪያዎ ላይ እንደማይጠፋ አምናለሁ። ታማሚው ሳይታይ የዓይን ስቴሮይድ በመስኮት ይታደል የሚል አንቀጽ ካገኙበት ያሳዩኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምን ይደረግ ቢሉኝ ብዙ አልጠይቅም። ያንን የፍሎረሲን ወረቀት ይግዙ። ቅጹ ላይ ድመትና ውሻ የሚል ይጨመር። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ዓይኑ ሳይታይ ከመስኮት አይውጣ።

ዝም ብዬ ልተወው ነበር። ሰሞኑን ግን ምድር ቤት ያለው ጎረቤቴ ለውሻው ዓይን ከእናንተ መስኮት ያመጣውን ጠብታ አሳየኝ። ያው ጠብታ ነው። ውሻውን ማን አየው ስለው፣ «ኧረ ውሻው ቤት ነበር፤ ነግሬያቸው ነው የሰጡኝ» አለኝ። ጠርሙሱን ለምኜ ተቀብዬዋለሁ፤ እኔ ጋ ነው። ከፈለጉት ሰው ይላኩ።