ጢስ ዓባይ መቼ ይኬዳል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በበጋ ጢስ ዓባይ ያደረስናቸው እንግዶች ቶሎ የሚጠይቁን «ፏፏቴው የታለ?» ብለው ነው። አሮጌዋን የአንድ ብር ኖት ገልብጠው የሚያሳዩንም አሉ። እውነታቸውን ነው። ብሯ ላይ ያለው ሌላ፣ ገደሉ ላይ የሚያዩት ሌላ። ስለዚህ ቦታ ከማስያዛችሁ በፊት ነገሩን እናስረዳችሁ።

ዓባይ ከጣና ሲወጣ እዚሁ ባሕር ዳር የጨረጨራ ግድብ ይጠብቀዋል። ሰባት በሮች አሉት። ስንት ውኃ እንደሚለቀቅ የሚወሰነው በነሱ ነው። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ሲደርስ ደግሞ የኃይል ማመንጫዎቹ አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ ሲሆን አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጨመረ፤ 73 ሜጋ ዋት።

ሁለቱም ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይጠልፉታል። ቁልቁል ለቀው ተርባይን ያዞሩበታል፤ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል። እንግዲህ ተርባይን ያዞረ ውኃ ገደሉን አይዘልም። ማመንጫውም ፏፏቴውም የሚፈልጉት ያንኑ ቁልቁለት ነው። ጣቢያውን ግን አንወቅስም፤ መብራት ሲጠፋ ቀድመን የምንጮኸው እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ መጣ። ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደው ውኃ ፏፏቴውን ጭራሽ ሳያይ በበለስ ወንዝ በኩል ዞሮ ዓባይን ታች ይቀላቀላል።

ጢሱን ማየት የፈለገ እንግዲህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይምጣ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ነጭ ጫማ ቤት ይቅር።

ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ፏፏቴውን ብቻውን አንሸጥም። ከዘጌ ገዳማት የጀልባ ጉዞ ጋር አንድ ላይ ነው የምናዘጋጀው። ጢስ ዓባይ ስንሄድም ረጅም ጊዜ የምንቆየው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። ስሚንቶ ባልነበረበት ዘመን ተገንብቶ እስካሁን ሰውና ከብት ያሻግራል። ጠባብ ነው። በገበያ ቀን የተጫነች አህያ ስትመጣ ጥግ ይዛችሁ አሳልፏት፤ እሷ አትቆምላችሁም። እኛን ብትጠይቁን በበጋ ከፏፏቴው ይልቅ ድልድዩ ያስደስታል።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉልን። እዚያ ያሉትን አስጎብኚዎች ጠይቀን፣ የዚያን ዕለት ፎቶ በቴሌግራም እንልክላችኋለን። አይታችሁ ትወስናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞና የጀልባ አገልግሎታችን ባልደረቦች
ባሕር ዳር