እማዬ፣ «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ላልሽኝ

ሀዋሳ፣ ሰኔ 2017

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስኳርሽን ሳታቋርጪ እየተለካሽ መሆኑን ወንድሜ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል።

በደወልሽ ቁጥር «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ትይኛለሽ። «ሰላም ነው» እልሻለሁ። ከዚያ አክስቴ ትደውልልሽና ሌላ ታሪክ ትነግርሻለች፤ አንቺም እንቅልፍ አጥተሽ ታድሪያለሽ። ለሐምሌ ገብርኤል ከአዲስ አበባ መጥተሽ በዚያው ሀዋሳ እቤትሽ ልትቀሪ እንዳሰብሽ፣ ወንድሜ ደግሞ አጥሩ ላይ ሽቦ ሳይዘረጋ እንደማይሰድሽ ሰምቻለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ይህቺን ደብዳቤ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ያንን ዝርፊያ ላንሳ። «ሦስት ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ጎረቤታችሁን ሌሊት ሰብረው ገቡባት» የተባለውን ማለቴ ነው። እሷው ቡና ጠርታኝ ሄጄ ጠየቅኋት። ሌሊት አልነበረም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ ነው። የገባው አንድ ልጅ ነው፤ ያውም ከገበያ ዕቃ የሚሸከምላት፣ የጓሮው በር መቀርቀሪያ እንደላላ በደንብ የሚያውቅ። የወሰደው የጋዝ ሲሊንደርና ምድጃውን ነው። ወሬው ከለቅሶው ድንኳን ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ልጁ ሦስት ሆነ፣ ቀኑ ጨለመ፣ ሽጉጥም ተገኘ። አክስቴ ዋሽታ አይደለም፤ የሰማችውን ነው የነገረችሽ፤ የነገራትም የሰማውን።

ሌባ የለም እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አለ፤ በዝቷልም ብዬ አምናለሁ፤ ኑሮው እንዲህ ከተወደደ ወዲህ ባይበዛ ነበር የሚገርመኝ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አያድርም፤ የውሃ ቆጣሪ ሳይቀር ይነቅላሉ። ከሁሉ የበዛው ግን ስልክ መንተፍ ነው። ሁለት ሆነው በሞተር ይመጡና ከኋላ የተቀመጠው ከጆሮሽ ላይ መንጭቆት ይሄዳል፤ ገና «ሌባ!» ሳትዪ አስፓልቱን ተሻግረዋል። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ ዳር ተቀምጠሽ ስልክ አታናግሪ። ለንግሡም ስትመጪ ቦርሳሽን ከነጠላሽ ሥር ያዢው፤ ኪስ አውላቂ እንደ ገብርኤል ቀን የሚቀናው የለም። ወርቅሽንም እዚያው ተይው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሌባ መጥቷል፤ እዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በዘበኛ ተጠብቀሽ ያለሽውም ከእሱ አላመለጥሽም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ከእድራችን አንዷ እናት፣ ስማቸውን በደብዳቤ አልጠራም፣ «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል» ተብለው በመልእክት የመጣላቸውን ቁጥር አነበቡ፤ ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችው ብር በዚያው ሄደ። እሳቸውን ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠላቸው የደወለው ልጅ «እናቴ» እያለ በትሕትና ማናገሩ ነው። ማንም ይደውል ማን፣ የሚስጥር ቁጥርሽንም በመልእክት የሚመጣልሽንም ቁጥር አትንገሪ። ስልክሽ ከጠፋ ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ወዲያው 994 ደውለሽ ሲም ካርዱን አዘጊ።

«ፖሊስ ጠዋት ይዞ ማታ ይለቃል» የምትዪውን እኔም በየቀኑ እሰማለሁ። የፍርድ ቤት ችሎት ጸሐፊ ስለሆንኩ ከዚህ ሌላ የሚነገረኝ የለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አይተዉኝም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሲቀርብ ዳኛው ማስረጃ ይጠይቃሉ። እድር ላይ ተነስቶ «ሌባው የእገሌ ልጅ ነው!» ብሎ የጮኸው ሰውዬ ያኔ መጥሪያ ሲደርሰው «መሽቶ ስለነበር መልኩን አላየሁትም» ይላል። አልፈርድበትም። ነገ የልጁን አባት በዚያው መንገድ ያገኘዋል፤ ቢሞትበትም አብሮት ድንኳን የሚተክለው እሱው ነው። ጎረቤታችን ራሷ ሲሊንደሯን የወሰደውን ልጅ አልከሰሰችም፤ «እናቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለችኝ። ትልቅ ከተማ ሌባውን አታውቂውምና ትከስሺዋለሽ፤ እዚህ ታውቂዋለሽና ትተዪዋለሽ። ከዚያ ተመልሰን ፖሊስን እናማለን። (ፖሊስም የሚታማበት አያጣም፤ ደውለሽ «መኪናው ነዳጅ የለውም» የሚሉሽ ጊዜ አለ።)

ችሎት ላይ ደግሞ ስሙ ይለያያል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆት አንቀጽ 665 ነው፣ በኃይል ወይም በማስፈራራት ሲሆን ውንብድና ተብሎ አንቀጽ 670 ይመጣል፤ ቅጣታቸውም አይገናኝም። ሰፈር ውስጥ ግን ጫማ የጠፋበትም ማጅራቱን የተመታውም «ተዘረፍኩ» ነው የሚለው፤ ሰሚው የሚይዘው የከፋውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪኝ። አንቺ የምትፈሪው ሌባ ብቻ አይመስለኝም። ሰኔ 2010ም ሐምሌ 2011ም ከተማው ውስጥ ብጥብጥ ተነስቶ በር ዘግተን ያደርንባቸው ሌሊቶች ከሆድሽ አልወጡም፤ ከእኔም አልወጡም። ያ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ልብስ ከገመድ ከሚያወርድ ልጅ ጋር አንድ ላይ ቋጥረሽ ስታስቢው በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ጠላት ይሆንብሻል። ያኔ ሱቅ ተዘግቶ በአጥር ላይ ዱቄትና ዘይት ያቀበሉን እነማን እንደነበሩ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ።

ይልቅ በእውነት የሚዘረፉት እነማን እንደሆኑ ልንገርሽ? የፓርኩ ልጆች ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡት ሴቶች ልጆች። በ2014 አጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ የምታስገባበት ዕድል፣ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ሥራ አጥተው ሄዱ፤ የቀሩት አሁንም በየሰርቪስ ቤቱ አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ከማታ ፈረቃ የሚመለሱትን አውቶቡሱ አስፓልት ላይ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ጨለማውን ኮብልስቶን በእግራቸው ነው። ሐይቁ ዳር መብራቱ እንደ ቀን ነው፤ ፍቅር ሐይቅ ላይ መሽቶ ብትሄጂ መርፌ ታነሺያለሽ። እኛ ውስጥ ለውስጥ ግን የሰው በር ላይ ከተሰቀለች አምፖል በቀር የለም። ቀማኞቹ ደመወዝ የሚወጣበትን ሰሞን ያውቁታል። ልጆቹ ለፖሊስ አያመለክቱም፤ ጠዋት ሥራ ከቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣላ። ስለዚህ እነሱ ሲዘረፉ ወሬ እንኳ አይሆንም፤ ላንቺም የነገረሽ የለም። የአንዲት ባለ ግቢ ሲሊንደር ግን አዲስ አበባ ደረሰ!

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ወንዶች ሮንድ መውጣት ጀምረው ነበር፤ ዱላና ባትሪ ይዘው፣ ፊሽካ እየነፉ። አንድ ሌሊት ጥግ ላይ የቆመ ወጣት አዩና «ማነህ?» ብለው ጮሁ። ልጁ ሮጠ፤ ተከትለው ያዙትና ደበደቡት። እህቱን ከፈረቃ ሊቀበል የቆመ ነበር። የሮጠውም ዱላ የያዙ ሰዎች ሲያይ ቀማኞች መስለውት ነው። እጁ ተሰብሮ ከረመ። የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ማሳከሚያም ተዋጥቷል። ይህንን ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ፤ ከደብዳቢዎቹ አንዱ ክርስትና ያነሳሽው ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሮንዱ ሥራውን ለወጠ፤ አውቶቡሱ ሲደርስ አስፓልት ድረስ ወጥቶ ልጆቹን በየቤታቸው ማድረስ ሆነ። ግሩም ነበር። ብዙ አልቆየም እንጂ፤ ብርዱ ሲመጣ አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ገንዘብ ከፍዬ ልቅር አለ፣ በመጨረሻ ዘበኛ ተቀጠረ። ዘበኛው ደህና ሰው ነው፤ እንቅልፉም ደህና ነው።

እንግዲህ ወደ ቤትሽ ልምጣ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ግቢው ማታ ማታ ጨለማ ነው። እኔ ከሥራ መልስ ገብቼ መስኮት ከፍቼ አትክልቱን አጠጣለሁ፤ ከመምሸቱ በፊት ግን ወደ ልጆቼ እሄዳለሁ። ባዶ መሆኑን የማያውቅ የለም። ወንድሜ ሽቦውን ቢዘረጋ አልቃወምም፤ ገንዘቡ የእሱ ነው። ግን ሽቦ ያለበት ግቢ ውስጥ ወድቀሽ ብትጣሪ ማን ዘሎ ይገባልሻል? ይህን እሱንም ጠይቄው መልስ አልሰጠኝም።

እኔ የምለው የጓሮውን ሁለት ሰርቪስ ክፍል ለፓርኩ ልጆች እናከራየው። አራት ናቸው፤ ሁሉም የጠዋትና የማታ ፈረቃ ስለሚቀያየሩ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም። «የማላውቃቸውን ግቢዬ አላስገባም» እንደምትዪ አውቃለሁ። መታወቂያቸውን አይቻለሁ፤ አሁን ያሉበት አከራይም «ኪራይ አያሳልፉም» ብላኛለች። የሚወጡት ኪራይ ስለጨመረችባቸው ነው። የጎረቤታችንን ሲሊንደር የወሰደው ደግሞ የምናውቀው ልጅ እንደነበር አትርሺ።

ከሐምሌ 1 ጀምሮ መግባት ይፈልጋሉ። እሺ ካልሽ የጓሮውን በር መቀርቀሪያ አስቀይሬ፣ በሩ ላይና ጓሮው ላይ አምፖል አሰቅላለሁ፤ ብሩ ከመጀመሪያው ኪራይ ይቀነሳል። እምቢ ካልሽም ቶሎ ንገሪኝ፤ ልጆቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ። የሰርቪሱ ቁልፍ አንቺ ጋ መሰለኝ፣ ከቀዩ ቦርሳ ውስጥ ፈልጊውና ወንድሜ ለሥራ ሲመጣ ይያዝልኝ።

ልጅሽ