ሃኑ፣ የእርሾው ጥያቄሽ መልስ አገኘ

ሃኑዬ አቦ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ እንተወውና እኔ አለሁ፣ ድሬም ያው ናት፣ ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፣ የከዚራ ዛፎች ባይኖሩ አልቆልን ነበር።

ባዮሎጂ ክፍል ትዝ ይልሻል? ቲቸር ሁለት ዝርያ አንድ ምግብ ላይ ከተሻሙ አንዱ የግድ ይጠፋል ሲሉን አንቺ «ታዲያ የእማዬ እርሾ ውስጥ ያሉትስ?» ብለሽ ክፍሉ በሙሉ የሳቀብሽ። ሰሞኑን ሳነብ ልክ ነበርሽ ወላሂ።

ቲቸር ያወሩት የሩሲያዊውን የጋውዝን ሙከራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመውን። ሁለት የፓራሚሲየም (ውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት) ዝርያዎች አንድ ላይ ሲያደርግ አንዱ አለቀ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሌላ ጥንድም ሞክሮ አብረው ኖረዋል፣ አንዱ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ባክቴሪያ ሲበላ ሌላው ታች የዘቀጠውን የእርሾ ፈንገስ ስለሚለቅም። ይሄኛውን ማን ነገረን!

እርሾም ውስጥ እንደዛ ነው፣ የሚያቦካው ፈንገስና አሲድ የሚሰራው ባክቴሪያ አንድ ዱቄት ላይ ናቸው ግን የግድ አንድ ነገር አይበሉም። የሳንፍራንሲስኮ ኮምጣጣ ዳቦ ላይ በደንብ ተጠንቷል፣ ባክቴሪያው ማልቶስ የሚባለውን ስኳር ይወስዳል፣ ፈንገሱ ደሞ ማልቶስ መብላት ጭራሽ አይችልም፣ ሌላውን ስኳር ይዞ ይኖራል።

እኔን ያስገረመኝ ግን ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ላይ የተሰራው ሙከራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ። ሶስት አይነት አሉ፣ አንዱ መርዝ ያመርታል፣ አንዱ በመርዙ ይሞታል፣ አንዱ መርዙ አይነካውም ግን ራሱ አያመርትም። አምራቹ ደካማውን ይገድላል፣ የማይነካው ደሞ መርዝ በመስራት ጉልበት ስለማያባክን አምራቹን በእድገት ይቀድመዋል፣ ደካማው ደግሞ መከላከያ መሸከም ስለሌለበት የማይነካውን ይቀድማል፣ ልክ እንደ ድንጋይ ወረቀት መቀስ እየተዟዟሩ ማንም ጠቅልሎ አያሸንፍም። ግን ይሄ የሚሰራው ሳህን ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሲያድጉ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲናጡ መርዙ የማይነካው ብቻ ቀረ። ያው ሶስቱ ናቸው እኮ፣ መናጡ ብቻ ነው ልዩነቱ! አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ ተፈጥሮ ፍቅር ነው ምናምን ይላል፣ ኧረ ምን ፍቅር አለ፣ መርዝ እየተረጫጩ ነው አብረው የሚኖሩት።

ሌላም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፈርና ከቅጠል የወሰዷቸውን ባክቴሪያዎች ግሉኮስ ብቻ እየሰጡ ቢያሳድጓቸው ብዙ አይነት ሆነው ቀጠሉ፣ አንዱ በልቶ የሚያስወጣው ለሌላው ምግብ ስለሆነ። አንድ ስኳር ብቻ እኮ ነው የተሰጣቸው!

ትናንት እማዬ ቡሃቃውን ስትከፍት ላዩ ቢጫ ውሃ አቅሮ ከስር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ለሚቀጥለው ትንሽ ቀንሳ አስቀመጠች፣ እኔም ይሄን ሁሉ ተረኩላት፣ «እና እንጀራው ምን ሆነ?» አለችኝ።

እዛ ብርድ አገር ሊጥሽ ስንት ቀን ይፈጅብሻል? ቴሌግራምሽ አይገባም፣ ቁጥር ቀይረሽ ከሆነ አዲሱን ላኪልኝ።