ከጅማ፣ ስለ አንድ ሬዲዮ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማም ያው ጅማ ናት፤ ዝናቧ ዘንድሮም አልጠፋም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ምክንያቱን ሳትገምት አትቀርም፤ ግን ከእኔው አፍ መስማት አለብህ። አባትህ ጋሼ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ለሥራ ገጠር ወጥቼ ነበር፤ መርዶውን የሰማሁት ከሠልስቱ በኋላ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፤ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል? ቁጥርህን አወጣና መልሼ ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። ጋሼ ለእኔም አባት ነበሩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሬዲዮ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሚስማር ልገዛ ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ፣ በተበሳ ድስትና በሰባራ ፋኖስ መሃል፣ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አየሁ። ሻጩ የላስቲክ ጫማ ደርድሮበታል። ጫማውን ገለል ሳደርገው የቆሸሸ መስታወት ብቅ አለ፤ ላዩ ላይ የከተማ ስም ተጽፎበታል። ግሩንዲግ፣ የጀርመኑ ሬዲዮ! ነጫጭ ቁልፎቹ፣ ወርቃማ ጨርቁ፣ ሁሉ ነገሩ የእናንተ ሳሎን ጥግ የነበረው ዓይነት። ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው 5,000 ብር አለ፤ በ3,500 ተስማማን። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። ሚስማሩን ረሳሁት።

ፈረንጅ አራዳ፣ ቤታችሁ፣ ማታ ማታ ትዝ ይልሃል? ጋሼ ቁልፉን ቀጭ ሲያደርጉት ቶሎ አይናገርም። ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን። ውስጡ ያሉት ቲዩቦች፣ እኛ አምፖል የምንላቸው፣ ክራቸው እስኪግል ድረስ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴው ዓይን፣ ጣቢያ መያዙን የሚያሳየው መብራት፣ ቀስ ብሎ ይነቃል፤ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ይቀርባል። ጋሼ የብስራተ ወንጌል ሬዲዮን ነገር ሲያነሱ አይጠግቡም ነበር። በ1955 ሥርጭት ሲጀምር እንዴት ጥርት ብሎ ይገባ እንደነበር፣ በ1969 ደርግ ሲወርሰው እንዴት እንዳዘኑ። በኋላ ማታ ማታ ወደ ጀርመን ድምፅ ዞሩ። እኔና አንተን ደጅ አቁመው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን ጨርቁ ላይ ለጥፈው ይሰሙ ነበር። ሰው ሲመጣ እንድንስል ነበር የተነገረን። አንተ ሰው ሳይመጣም ትስል ነበር።

እና ሬዲዮው ይነሳ ይሆን ብለህ ትጠይቀኛለህ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ትልቁ ፈተና ሶኬት ላይ አለመሰካት ነው። እጅ ያሳክካል! ግን ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ነው። ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ከወረቀት የተጠቀለሉ፣ በሰም የተደፈኑ ናቸው፤ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ የጅማን አየር ደግሞ ታውቀዋለህ። ትልልቆቹ ውስጣቸው ደርቋል። አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች፣ ወደ ድምፅ ማውጫው ቲዩብ፣ ወደ ኢኤል 84 የምታቀብል። እሷ ካፈሰሰች ቲዩቡ ከልክ በላይ ይሠራና ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩን ይዞ ሊሄድም ይችላል። ስለዚህ ሳልሰካ 17 ካፓሲተር ቀየርኩ። አዲሶቹን ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ መርካቶ አስመጣሁ። ቦታቸው እንዳይምታታብኝ በደብተር ሥዕል እየሣልኩ፣ አንዱን ነቅዬ አንዱን እየተከልኩ፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ውስጡ 250 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይዞራል፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ኋላ ከከፈትኩት ወዲህ አንድ ቀን፣ እጄን ከመክተቴ በፊት ኃይሉን አፍስሼ ስለካው አሁንም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሳልለካ አልነካም።

መጀመሪያ የከፈትኩት ባለ 60 ሻማ አምፖል በሶኬቱና በሬዲዮው መሃል አስገብቼ ነው፣ የድሮውን፣ ክር ያለውን። ሬዲዮው ውስጡ ሾርት ካለው አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ጤነኛ ከሆነ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት፤ አሁን ሁሉም ኤልኢዲ ሆኗል። ከፈትኩት። ቦግ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። ደበዘዘ። የጋለ አቧራ ሽታ መጣ፤ የእናንተ ሳሎን ሽታ! ከዚያ ያ አረንጓዴ ዓይን ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነቃ። ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ድምፁ መጀመሪያ ደካማ ነበር፤ ኢኤል 84ቱ አርጅቷል። የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አዲስ ይዛልኝ መጣች። ጊታር ተጫዋቾች ለድምፅ ማጉያቸው ስለሚወዱት እስከ ዛሬ ይመረታል። የጣቢያ ማሳያው መርፌ መጎተቻ ክር ተበጥሶ ነበር፤ በጫማ ሰፊ ናይለን ተካሁት። የሣጥኑን የተላጠ ጥግ አንድ አናጢ በዋንዛ ጠገነልኝ። ቀለሙ ትንሽ ይለያል። እንዲለይ ተውኩት።

የመለስኩት ለማን እንደሆነ ገብቶሃል። የዛሬ ሳምንት እሑድ ለእናትህ ለእትዬ ወሰድኩላቸው።

ቡና እየቆሉ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ማንከሽከሻውን አወረዱና ዝም ብለው አዩት። ምንም አላሉም። ተነስተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዳንቴል ይዘዋል፤ ያን የድሮውን፣ ጠርዙ ላይ ወይን የተጠለፈበትን። ሬዲዮው ሲሸጥ ዳንቴሉን አስቀርተውት ኖሯል! አናቱ ላይ ዘረጉት። ልክክ አለ። «ከኋላ እንዳይወርድ እትዬ፣ ይግላል» አልኳቸው። «እሱም እንደዚሁ ይለኝ ነበር» አሉኝ።

ለቅሶ ያልደረስኩበትን ነገር ያን ቀን ነገርኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝና ቡናውን ቀዱልኝ። ያንተን ሰላምታም ሰጡኝ፤ ሁልጊዜ እንደምትጠይቃቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር አስቸግሮን ነበር። የአንቴናውን ሽቦ በመስኮት አውጥቼ ዘይቱናው ላይ አስሬዋለሁ፤ ጣቢያው ግን በኃይል ይንጫጫል። ለካ የስልካቸው ቻርጀር ኖሯል። ሲነቀል ጸጥ አለ፤ የጀርመን ድምፅም ጥርት ብሎ ገባ። አሁን እትዬ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ቻርጀሩን ይነቅላሉ፤ ስልኩን ጓዳ ያስቀምጡና ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው ያስጠጋሉ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ደውለህ ባያነሱ አትደንግጥ። ከ2 ሰዓት በኋላ ሞክር። ከእሳቸው ቀጥለህ ለእኔም ደውልልኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው።

ያው ወንድምህ
ጅማ