ኦቨኑን ቤት ውስጥ አታንድደው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፤ እርሱም ብርዱ ነው። የላክህልንን ዳቦ ለጎረቤት ሁሉ አቀመሰች፤ ለእኔ የደረሰኝ ጫፉ ብቻ ነው።

በስልክ ቶሎ ስለምትዘጋብኝ ነው የጻፍኩልህ። መብራት እየጠፋ ሊጡ ቢበላሽብህ፣ የአክስትህን አሮጌ ኦቨን በእንጨት እንዲሠራ ልትለውጠው መሆኑን እህትህ ነገረችኝ። ያውም በኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ! ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ብረት መነካካቱን ከእኔ ነው የወሰድከው። ግን ቤት ውስጥ አታንድደው። በረንዳም ቤት ነው።

ሥራውን በቅጡ ስማኝ። የዚያ ኦቨን ላሜራ የተሠራው ለ250 ዲግሪ ግድም ነው፤ የእንጨት ነበልባል ደግሞ ከ600 ያልፋል። ዳቦው በሚገባበት ሣጥን ውስጥ እሳት ካነደድክ ተጣምሞ ይበሳል። ማንደጃው ከሥሩ በሸክላ ጡብ ይሠራል፤ ነበልባሉ ከጡቡ ሳይወጣ ትኩስ ጭሱ ብቻ ሣጥኑን ዙሪያውን ልሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ዳቦውን ጭስ አይነካውም። ገመዱ፣ ማሞቂያ ሽቦው፣ የበሩ ጎማ፣ ሁሉም አስቀድሞ ይወጣል። በግድግዳው መሐል ያለውን ጥጥ መሳይ ነገር ግን እኔ ሳላየው እንዳትነካው፤ በአሮጌ ዕቃ ውስጥ አስቤስቶስ የሚሉት ሳንባ የሚጎዳ ነገር አይታጣም። ዚንክ የተቀባ ላሜራም ለእሳት አይሆንም። በወጣትነቴ እርሱን ስበይድ ውዬ ማታ እንደ ወባ አንቀጥቅጦኛል።

ብየዳ ያስተማረኝ አጎትህ ነው። አንተ የምታውቀው በሳሎኑ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አያትህ «መጋኛ መታው» ስትል ኖረች፤ እኛም ዝም አልን። መጋኛ አልነበረም። ሐምሌ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ታውቀዋለህ። ቡና ከተፈላ በኋላ የተረፈውን ፍም ከነምድጃው ወደ ክፍሉ አስገባና የበሩን ሥር በጆንያ ደፈነው። ጠዋት በሩን ገፍቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ከሰሉ ነጭ አመድ ለብሷል፣ መሐሉ ገና ይቀላል። ጭስ የለም፤ ሽታ የለም። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ጤነኛ ሰው መስሎ ተኝቷል። «ተነስ እንጂ፣ ረፈደ» አልኩት። ጮክ ብዬም ደገምኩለት።

እህትህ ነርስ ከሆነች በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ደምን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል አለችኝ። ለአያትህ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? መጋኛን እየረገመች ሞተች።

እና ቤት ውስጥ አታንድደው ስልህ የሽማግሌ ጭቅጭቅ አድርገህ አትውሰደው። መስኮት እከፍታለሁ አትበለኝ። ከበላይህ ሕፃናት አሉ፤ ጭስህ የሚሄደው ወደ እነርሱ ነው። ደግሞ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ጣውላ ሰብስበሃል አሉ። ቀለምና ዘይት የጠጣ እንጨት ዳቦ ይጋገርበታል? የአባትህ ልጅ አይደለህም እንዴ!

ለፋሲካ ስትመጣ ኦቨኑን በአይሱዙ ጭነህ አምጣው፤ ከመጫኑ በፊት ዋጋውን ቁረጥ። ከማድቤቱ ጀርባ ሜዳ ላይ አብረን እንሠራዋለን። ጡብ አለኝ። 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቧንቧም አላጣም፤ ከክዳኑ አንድ ሜትር ከፍ እናደርገዋለን። ባለፈው ዓመት የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ደርቆ ተደርድሯል፤ እርጥቡ ጥቀርሻ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። እስከዚያ ሌሊት መብራት ሲኖር ጋግር። እንቅልፍህን ብታጣ ቀን ትተኛለህ። ገንዘብ ከቸገረህም ለእናትህ ሳይሆን ለእኔ ንገረኝ።

መደርደሪያዎቹንና የበሩን ማጠፊያ እንዳትጥል፤ ብሎኖቹን በአንድ ጣሳ ሰብስብ። የበሩን መስታወት ግን እዚያው ተወው፤ በላሜራ እንተካዋለን። በረንዳው ላይ የከመርከውን ጣውላ ዛሬውኑ አስወጣና ደውልልኝ።

አባትህ