ስልተ ቀመሩ የደሴን አሮጌ ወረቀት አይቶ አያውቅም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮምፒውተር ምስልን እንዲያይና እንዲያነብ ስለሚያደርጉ ስልተ ቀመሮች (ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ ስለሚከተላቸው የአሠራር ትእዛዞች) በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የአማርኛ ጽሑፍን ከፎቶግራፍ ላይ የማንበቡ ሥራ የሚሻሻለው ኃይለኛ ኮምፒውተርና የረቀቀ ስልተ ቀመር ሲገኝ ነው ማለታቸው ግን በየዕለቱ ከማየው ጋር አልገጥም ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ይዘው የሚመጡት በታይፕራይተር የተመታ የቆየ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የውርስ ወረቀት ወይም የቤት ሽያጭ ውል ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዋናው ሰነድ የጠፋባቸው ደግሞ የኮፒ ኮፒ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ጽሑፍን ከፎቶ ላይ የሚያነብ ፕሮግራም መኖሩን ስሰማ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመ ንጹሕ ገጽ ሲሰጠው አንድ ሁለት ፊደል ቢስት ነው። የ1960ዎቹን የታይፕ ጽሑፍ ስሰጠው ግን የሚያወጣውን ከማረም ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፉ ይቀለኛል።

ምክንያቱን የተረዳሁት ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ትምህርት የምትከታተለው የእኅቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብራኝ ስትፈትሽ ነው። ፕሮግራሙ ከማንበቡ በፊት ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ብቻ ያደርገዋል። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ለገጹ ሁሉ አንድ የብርሃን ወሰን ይመርጣል፤ ከወሰኑ የጠቆረው ጽሑፍ፣ የነጣው ወረቀት ይባላል። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ መብራትም ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን ያነሣሁት ገጽ አንዱ ጎኑ ብሩህ፣ ሌላው ጎኑ ጥላ ስለሚሆን በጥላው በኩል ያለው ጽሑፍ ከነወረቀቱ ይጠቁርና ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ሳውቮላና ፒየቲካይነን የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ግን በእያንዳንዷ ነጥብ ዙሪያ ያለውን ብርሃን እየመዘነ ወሰኑን ከቦታ ቦታ ይለዋውጣል፤ እሱን ስንጠቀም ጥላውም፣ አንድ ደንበኛ ያፈሰሰበት የሻይ ነጠብጣብም ከሞላ ጎደል ተገፈፈልን። ስለዚህ የስልተ ቀመር መሻሻል አይጠቅምም የምል ሰው አይደለሁም።

ችግሩ የሚብሰው ከዚህ በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ የተበተነውን ነቁጥ ለማጥፋት የሚሠራው ማጣሪያ ትንሽ ጥቁር ነገር ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። በድሮ ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለዩት ሁለት ነጥቦች አብረው ስለሚጠረጉ ቃላቱ ተጣብቀው ይወጣሉ። በአማርኛ ታይፕራይተር ደግሞ ብዙዎቹ የፊደል ቅጥያዎች፣ ማለትም «ለ»ን «ሉ» የሚያደርጉት ዓይነት ጭረቶች፣ ለብቻቸው የሚመቱ ስለነበሩ ከፊደላቸው ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ፤ ማጣሪያው እነሱንም ይዟቸው ይሄዳል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ሲያነቡ አይ (i) የምትባለው ፊደል ነጥቧ ብትጠፋ ቃሉ አይጠፋም። እኛ ዘንድ ግን «ከፈሉ» የነበረው «ከፈለ»፣ «ሸጡ» የነበረው «ሸጠ» ሆኖ ያርፋል። ሦስት ወንድማማቾች አብረው የሸጡት ቤት አንደኛው ብቻውን የሸጠው ሆኖ ተነበበ ማለት ነው። የተገኘው ቃል በራሱ ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ የፊደል ማረሚያም ስሕተቱን አይደርስበትም፤ እኔም ዋናውን ወረቀት ጎን ለጎን ይዤ ካላነበብኩ አልፈዋለሁ።

ፊደሉን የሚለየው ክፍል ታዲያ ከምሳሌ የሚማር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ለተመራማሪዎች የቀረበው ኤዲኦሲአር የተባለ የአማርኛ ጽሑፍ ስብስብ እያንዳንዳቸው አንድ የጽሑፍ መስመር የያዙ 337,337 ምስሎች አሉት። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ የደከሙበትም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ከታተመ ወረቀት በስካነር የተነሡት 40,929 ሲሆኑ እነሱም ፓወር ግዕዝ በተባለው የኮምፒውተር ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ የቀሩት 296,408 ኮምፒውተሩ ራሱ በፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በተባለ ሌላ ፎንት የሠራቸው ናቸው። ፕሮግራሙ በዘመናዊ ፎንት ብቻ ተኮትኩቶ ያደገ ከሆነ የተሰበረ ቅጥያ፣ የደከመ ሪባን፣ የካርቦን ኮፒ ምን እንደሚመስል ከየት አምጥቶ ይወቅ? የኮምፒውተሩ ጉልበት አሥር እጥፍ ቢጨመርለት ያላየውን አያነብም።

የሚያስፈልገው ምስል በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ አይገኝም፤ ያለው እዚሁ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በየመዝገብ ቤቱ መደርደሪያና እንደ እኔ ባሉ የጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ነው። የሰው ሰነድ የሰው ምሥጢር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንዲት ገጽ እንኳ ልትነሣ አይገባም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ለማሠልጠን የሚያስፈልገው ሙሉ ሰነድ ሳይሆን ተቆራርጦ የተደባለቀ መስመር ስለሆነ፣ ስምና አድራሻ ያለበትን መስመር አስወግዶ የቀረውን መጠቀም ይቻላል። ትልቁ ድካም እያንዳንዱን መስመር አይቶ ትክክለኛውን ጽሑፍ አጠገቡ ማስፈር ነው፤ ይህን ደግሞ በዕድሜ የገፉት ታይፒስቶቻችን ከማንኛውም መሐንዲስ የተሻለ ይሠሩታል፤ ሊከፈላቸውም ይገባል። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራቸውን በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ሁሉም በአንዱ ስብስብ ላይ ውጤታቸውን በጥቂት ነጥብ ከፍ ለማድረግ ከሚሽቀዳደሙ፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት አምስት መቶ የታይፕ ገጽ ሰብስበው ቢያስረክቡ የበለጠ በጠቀሙን ነበር።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል የታተሙ የቆዩ የጋዜጣ እትሞች ለዚህ ሥራ የሚሆኑ፣ ከማንም የግል ምሥጢር ነፃ የሆኑ ገጾች ናቸው። በእጃችሁ ያሉትን ወይም ማን ዘንድ እንዳሉ የምታውቋቸውን ለተማሪዎች ለመክፈት ፈቃደኛ ብትሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ስካነሬን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በነፃ እፈቅዳለሁ። መልሳችሁን በጋዜጣው ላይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ደሴ