የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ የጀልባ ፋብሪካችን

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። ኢንሱሊን በባክቴሪያ እንደሚመረት እያስረዳሁ ነበር። «ታዲያ ሁሉም መድኃኒት ለምን በባክቴሪያ አይሠራም?» አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ። በአጭሩ መልሼ ላልፍ ስል አለቀቀችኝም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረን።

መልሱ ስኳር ነው። ሴሎቻችን ብዙ ፕሮቲኖች ላይ የስኳር ሰንሰለት ይሰካሉ። ለምርት የሚያገለግሉት የተለመዱት ባክቴሪያዎች ይህን በሰው ሴል መልክ አይሠሩትም። ስለዚህ የአጥቢ እንስሳ ሴል ያስፈልጋል። በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1957 ከቻይና ሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ) የእንቁላል እጢ የተወሰደው ሴል ነው። በዚህ ሴል የተመረተ የረጋ ደም ማሟሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ያኔ ከአንድ ሊትር የሚገኘው ፕሮቲን ከ100 ሚሊግራም በታች ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ግራም ይገኛል። እንዴት?

ሴል ማሳደጊያ ላብራቶሪ የለንም። እርሾ ሞክረን አንዱ ጠርሙስ አረፋውን ጣሪያ ላይ ረጨው፤ እሱን እንለፈው። የሠራልን ወረቀት ነው። ሦስት ጠረጴዛ አሰለፍን። የመጀመሪያው ትእዛዝ ይገለብጣል፣ ሁለተኛው ወረቀት ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ጀልባ ያጥፋል። በ10 ደቂቃ 14 ጀልባ ወጣ። «ገልባጭ ይጨመር!» ተባለ፤ ጨመርን። ወረቀቱ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተከመረ፣ አጣፊዎቹ ተዋከቡ፣ ደህና የወጣው 9 ብቻ ሆነ። የቀረው ቅርጫት ገባ። ሴልም እንዲሁ ነው፤ የጂኑን ትእዛዝ ይገለብጣል፣ የፕሮቲን ሰንሰለት ይሠራል፣ ሰንሰለቱን በቅርጹ ያጥፋል፤ በደንብ ያላጠፈውን ያጠፋዋል። (ያስወግደዋል ማለቴ ነው፤ «ያጠፋዋል» የምትለዋን ቃል ተማሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲቀልዱባት ከረሙ።) የጂኑን ቅጂ ማብዛት ይጠቅማል፤ ግን ማጠፊያው ከጠበበ ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ገልባጮች ወደ ማጠፊያው ሲዛወሩ 21 ጀልባ አገኘን።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ለሴሎቹ ምንጊዜም 37 ዲግሪ ይሻላል ብዬ ነበር። አንድ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ማስታወሻ ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ መጀመሪያ በ37 አሳድገው በኋላ ወደ 32 አካባቢ ያወርዱታል ይላል» አለኝ። ቤት ገብቼ አነበብኩ። ልክ ነው። ቅዝቃዜው መባዛታቸውን ያዘገየዋል፤ ዕድሜያቸው ግን ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜም እያንዳንዱ ሴል የሚያወጣው ፕሮቲን ይጨምራል። ለመባዛት ይሄድ የነበረው ጉልበት ወደ ምርት ይዞራል። ሁሉም ዓይነት ሴል ላይ እኩል አይሠራም፤ ለዚህም ነው ለየሴሉ የሚሞከረው።

ምግቡም ቢሆን በአንዴ አይዘረገፍም። ግሉኮስ ሲበዛ ሴሎቹ ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማሉ፣ ከግሉታሚን ደግሞ አሞኒያ ይመጣል፤ ሁለቱም መልሰው ሴሎቹን ይጎዳሉ። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባሉ።

44ቱ ጀልባዎች በካርቶን ሆነው ላብራቶሪው ቁምሳጥን ላይ አሉ። የሚያጸዳ ሰው እባክዎ አይጣሏቸው፤ በመስከረም አዲሶቹ አባላት ይቆጥሯቸዋል።